ከአንድ ቢሊዮን የተረፈችው አንዷ

*ቁስና ፀረ ቁስ እኩል ተወልደው ከሆነ ዓለም ባዶ መሆን ነበረባት። አልሆነችም። ምክንያቱን የሚፈልጉ የፊዚክስ ሰዎች ተስፋቸውን የጣሉት ለመያዝ እጅግ በሚያስቸግረው ቅንጣት፣ በኒውትሪኖ ላይ ነው።*

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በማዕከላዊ ጃፓን፣ ጊፉ በተባለው ክፍለ ግዛት፣ ኢኬኖያማ የሚባል ተራራ አለ። ሆዱ ለረጅም ዘመን ሲቆፈር ኖሯል፤ የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ዚንክና እርሳስ ያወጣበት ነበር። ዛሬ ወደ ተራራው የሚገቡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። የፊዚክስ ተመራማሪዎችና ቴክኒሻኖች የደኅንነት ቆብ አጥልቀው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ዋሻ በመኪና አልፈው ወደ እምብርቱ ይዘልቃሉ። ውስጡ በጋ ከክረምት ቀዝቃዛ ነው። ከራሳቸው በላይ 1,000 ሜትር ዐለት ተጭኗል።

ዋሻው የሚያደርሰው ሱፐር ካሚዮካንዴ ወደተባለው ግዙፍ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ቁመቱም የጎን ስፋቱም 40 ሜትር ገደማ ሲሆን 50,000 ቶን ውሃ ይይዛል። ውሃው ሌት ተቀን ይጣራል፤ ብርሃን ሳይደበዝዝበት ከዳር እስከ ዳር እንዲሻገር ቅንጣት ያህል ቆሻሻ አይፈቀድበትም። የውስጥ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሸፈኑት ከ11,000 በላይ ወርቃማ የመስታወት አምፖሎች ናቸው። እያንዳንዱ አምፖል ግማሽ ሜትር ይሰፋል። ሥራቸው ግን ብርሃን መስጠት ሳይሆን መቀበል ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሆነው፣ አንዲት ደካማ ሰማያዊ ብልጭታ ብትታይ ለመመዝገብ ከ1996 ጀምሮ ይጠብቃሉ።

የሚጠብቁት ኒውትሪኖን ነው። እርስዎ ይህን ዓረፍተ ነገር በሚያነቡበት ቅጽበት ከፀሐይ የመጡ ኒውትሪኖዎች በሰውነትዎ ውስጥ እያለፉ ነው፤ በአንዲት የጣት ጥፍር ስፋት ብቻ በየሰከንዱ ከ60 ቢሊዮን በላይ። ሌሊትም አይቀሩም፤ ያን ጊዜ መሬትን ራሷን ሰንጥቀው ከእግር በታች ይመጣሉ። አይሰሙም፣ አይጎዱም፣ ከሞላ ጎደል ምንም ነገር አይነኩም። ከተራራ በታች መግባት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ዐለቱ ከሕዋ ከሚዘንበው ሌላ ቅንጣት አብዛኛውን ያስቀራል፤ ኒውትሪኖ ግን ተራራ እንዳለም አያውቅም።

ይህን ሁሉ ድካም ያመጣው ለልጅ እንኳ የሚገባ አንድ ጥያቄ ነው። ዓለም ለምን ባዶ አልሆነችም?

## ፀረ ቁስ ልብ ወለድ አይደለም

ፀረ ቁስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታወሰው የፊልም ቦምብ ወይም የጠፈር መርከብ ነዳጅ ነው። ታሪኩ ግን የተጀመረው በወረቀት ላይ ነው። እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ በ1928 ኤሌክትሮንን ከአንስታይን አንጻራዊነት ጋር የሚያስማማ ቀመር ጻፈ። ቀመሩ ከአንድ ይልቅ ሁለት መልስ ሰጠው። አንዱ የምናውቀው ኤሌክትሮን ነው። ሁለተኛው በክብደት ከእሱ ጋር እኩል ሆኖ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ተቃራኒ የሆነ፣ እስከዚያ ማንም አይቶት የማያውቅ ቅንጣት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካርል አንደርሰን ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮችን ፎቶ ሲያነሳ አንድ እንግዳ ዱካ አገኘ። እንደ ኤሌክትሮን ቀላል ነው፤ በማግኔት ውስጥ ሲያልፍ ግን የሚታጠፈው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ፖዚትሮን ተባለ።

ዛሬ ፖዚትሮን ብርቅ አይደለም። በሙዝ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ስለሆነ አንድ ሙዝ በአማካይ በየአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ አንድ ፖዚትሮን ያወጣል። በታላላቅ ሆስፒታሎች የሚገኘው ፔት የተባለው የምርመራ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ነው። ታማሚው ፖዚትሮን የሚያወጣ ስኳር መሰል መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ፖዚትሮኑ በሰውነት ውስጥ ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋፉና በምትካቸው ሁለት ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። መሣሪያው ጨረሮቹን ተከትሎ መነሻቸውን ያገኛል፤ ካንሰር ያለበት ቦታም ስኳሩን አብዝቶ ስለሚወስድ ጎልቶ ይታያል።

መገናኘት ማለት መጠፋፋት ነው። ቁስና ፀረ ቁስ ሲነካኩ ሁለቱም ያልቁና ጉልበታቸው ብርሃን ይሆናል። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የኒውክለር ምርምር ማዕከል፣ በሰርን፣ ፀረ ፕሮቶኖችን አብርደው የሚይዙ ሰዎች ዕቃቸውን በብልቃጥ አያስቀምጡም። የብልቃጡ ግድግዳ ራሱ ቁስ ነውና። አየር በሌለበት ባዶ ውስጥ፣ በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል አንሳፍፈው ያቆዩታል። የፊልሙን ቦምብ የሚፈራ ሰው ግን ይረጋጋ፦ ሰርን እስካሁን ያመረተው ፀረ ቁስ በሙሉ ተሰብስቦ ቢነድ አንድ አምፖል ለጥቂት ደቂቃ ቢያበራ ነው።

እነዚሁ ሰዎች ፀረ ቁስን ከቁስ ጋር እያስተያዩ ይመዝናሉ። ፀረ ሃይድሮጅን የሚያወጣው የብርሃን ቀለም ከሃይድሮጅን ይለይ ይሆን? አልተለየም። ሲለቁት ወደ ላይ ይወጣ ይሆን? በ2023 አልፋ የተባለው ቡድን ውጤቱን አወጣ፦ እንደማንኛውም ነገር ወደ ታች ይወድቃል። መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ሁለቱ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። እንቆቅልሹን የሚያከብደውም ይኸው መመሳሰላቸው ነው።

> ቁስና ፀረ ቁስ ይህን ያህል ከተመሳሰሉ፣ አንዱ ተርፎ ሌላው የጠፋው በምን ዳኝነት ነው?

## ያልገጠመው ሂሳብ

ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቅጽበቶች፣ ዩኒቨርስ ለመገመት የሚያዳግት ትኩሳት ነበረው። በዚያ ትኩሳት ጉልበት ወደ ቅንጣት ይለወጣል። ሲለወጥ ግን ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንድ ቅንጣት ከአንድ ፀረ ቅንጣት ጋር። በየትኛውም ቤተ ሙከራ የታየው ይኸው ነው። እንግዲህ ሲጀመር የሁለቱ ቁጥር እኩል ከነበረ፣ ዩኒቨርስ ሲቀዘቅዝ ተገናኝተው አንድም ሳይቀር መጠፋፋት ነበረባቸው። የሚቀረው ብርሃን ብቻ ነበር። ኮከብ፣ ውሃ፣ አፈር፣ ሰው የሚባል ነገር አይኖርም።

አልሆነም፤ ሆኖም ወደዚያ በጣም ተጠግቶ ነበር። የተረፈውን ትርፍ ለመገመት ሁለት የጤፍ ክምር ያስቡ፤ እያንዳንዱ ሦስት አራት ኩንታል፣ ማለትም አንድ ቢሊዮን ያህል ፍሬ። አንደኛው ክምር ቁስ ነው፣ ሁለተኛው ፀረ ቁስ። ፍሬ ለፍሬ እያገናኙ ሲያጠፏቸው በመጨረሻ ከቁሱ ክምር አንዲት ፍሬ ትተርፋለች። ፀሐይም፣ መሬትም፣ ይህን ጽሑፍ የያዙበት እጅም የተሠሩት ከዚያች ትርፍ ነው።

መጠኑ በግምት የተወረወረ አይደለም። የመጠፋፋቱ ብርሃን ዛሬም ሰማዩን ሁሉ ሞልቶ አለ፤ ከዘመን ብዛት ቀዝቅዞ በዓይን የማይታይ የማይክሮዌቭ ጨረር ሆኗል። ያንን ጨረር የለኩ ሰዎች በዩኒቨርስ ለአንድ ፕሮቶን ከአንድ ቢሊዮን በላይ የብርሃን ቅንጣቶች እንዳሉ ደርሰውበታል። የሟቾቹና የተራፊዎቹ ንጽጽር ይኸው ነው።

ታዲያ ፀረ ቁሱ ከዓይናችን ርቆ ተደብቆ ቢሆንስ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሞኝ አይደለም፤ የሥነ ፈለክ ሰዎችም በጽሞና አስበውበታል። ከፀረ ቁስ የተሠሩ ጋላክሲዎች ቢኖሩ፣ ከቁስ ጋላክሲ ጋር በሚዋሰኑበት ድንበር ላይ መጠፋፋቱ በቀጠለ፣ ከዚያም ልዩ የጋማ ጨረር በመጣ ነበር። በጋላክሲዎች መካከል ያለው ቦታ ጋዝ ስለማያጣ ድንበሩ ጸጥ ሊል አይችልም። ሳተላይቶች ሰማዩን አሰሱ፤ እንዲህ ያለ ድንበር አልታየም።

ሌሎች ደግሞ ነገሩን ያቀልሉታል፦ «ሲጀመርም ቁስ ትንሽ በልጦ ነበር፤ አለቀ።» ይህ ግን በአብዛኞቹ የዘርፉ ሰዎች ዘንድ አያጠግብም። ዩኒቨርስ ገና በጅምሩ በቅጽበት እጅግ ተለጥጧል የሚለው ተቀባይነት ያገኘው ሐሳብ እውነት ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረ ማንኛውም ብልጫ በመለጠጡ ሳስቶ በጠፋ ነበር። ስለዚህ ብልጫው የተፈጠረው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። አንድ ሂደት አድልቷል ማለት ነው።

## የሳካሮቭ ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች

አድልዎ እንዴት ሊፈጠር እንደሚችል በሥርዓት ያስቀመጠው ሰው አንድሬ ሳካሮቭ ነው። የሶቪየት ኅብረትን የሃይድሮጅን ቦምብ ከሠሩት ዋነኞቹ አንዱ የነበረ፣ በኋላ ለሰብዓዊ መብት ተሟግቶ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ያው ሳካሮቭ። በ1967 ባወጣት አጭር ጽሑፍ፣ ከእኩልነት ተነስቶ ብልጫ ላይ ለመድረስ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው አለ።

አንደኛ፣ የቁስ ቅንጣቶች ድምር እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ የሚፈቅድ ሂደት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ያ ሂደት ቁስንና ፀረ ቁስን በእኩል ዓይን ማየት የለበትም። ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ሚዛኑን ጠብቆ በሚኖርበት ሁኔታ ሳይሆን፣ ዩኒቨርስ እየሰፋና እየቀዘቀዘ ሚዛኑ በተናጋበት ወቅት መከናወን አለበት። ያለዚያ በአንድ በኩል የተፈጠረው ብልጫ በሌላው በኩል ወዲያው ይመለሳል።

ሁለተኛው ነጥብ ባዶ ሐሳብ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት በ1964 ጄምስ ክሮኒንና ቫል ፊች ኒውዮርክ አጠገብ በሚገኘው ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ካዮን የሚባሉ ቅንጣቶችን ሲያጠኑ፣ ከሺህ ሁለት ያህሉ ሕግ በማይፈቅደው መንገድ ሲፈራርሱ አይተዋል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ቅንጣትን በፀረ ቅንጣት ተክቶ፣ ግራና ቀኙንም አገላብጦ ለሚመለከት ሰው ተፈጥሮ ልዩነት አታሳይም። ፊዚክስ ይህን የሲፒ ሲሜትሪ ይለዋል። ካዮኖቹ ሕጉን ጥሰዋል። ጥሰቱ ትንሽ ነው፤ ግን አለ።

በ1973 ሁለት ጃፓናውያን፣ ማኮቶ ኮባያሺና ቶሺሂዴ ማስካዋ፣ ጥሰቱን የሚያብራራ ሐሳብ አቀረቡ። ዋጋው ድፍረት ነበር፦ ፕሮቶንን የመሳሰሉ ቅንጣቶች ከሚሠሩባቸው ኳርኮች በዚያን ጊዜ የሚታወቁት ሦስት ብቻ ሆነው ሳለ ስድስት መኖር አለባቸው አሉ። የመጨረሻው ኳርክ በ1995 ተገኘ፤ እነሱም በ2008 ኖቤል ተሸለሙ። በ2025 ደግሞ በሰርን የሚገኘው ኤልኤችሲቢ የተባለው ቡድን ፕሮቶንን በሚያካትተው የባርዮን ቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ጥሰት ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱን አስታወቀ።

ይህ ሁሉ ሲደመር ግን አይበቃም። በኳርኮች ዘንድ ያለው አድልዎ ዛሬ የምናየውን ቁስ ለማስረፍ ከሚያስፈልገው በቢሊዮኖች እጥፍ ያንሳል። ኳርኮች በሰጡት ትርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋላክሲ የሚባል ነገር ባልተሠራ ነበር። ሌላ አድሎኛ መኖር አለበት።

> ኳርኮች አድልተዋል፤ አድልዎአቸው ግን ዓለምን ለማስረፍ አይበቃም።

## ማንም የማይነካው መንገደኛ

ኒውትሪኖ የተወለደው ከጭንቅ ነው። በ1920ዎቹ የፊዚክስ ሰዎች አንዳንድ አቶሞች ኤሌክትሮን ሲያወጡ ከጉልበቱ የተወሰነው የት እንደሚገባ አላወቁም። ኒልስ ቦርን የመሰለ ሰው እንኳ ምናልባት የጉልበት ሕግ ራሱ አይሠራ ይሆናል እስከማለት ደረሰ። በታኅሣሥ 1930 ቮልፍጋንግ ፓውሊ ለስብሰባ ለተቀመጡ ባልደረቦቹ ከዙሪክ ደብዳቤ ላከ፤ ራሱ ያልተገኘው በከተማው የዳንስ ግብዣ ስለነበረበት ነው። በደብዳቤው የጎደለውን ጉልበት የሚወስድ፣ ቻርጅ የሌለው፣ የማይታይ ቅንጣት ይኖራል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ቅንጣቱ በተግባር እስኪያዝ 26 ዓመት ፈጀ፤ በ1956 ክላይድ ካወንና ፍሬድሪክ ራይንስ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ከአንድ የኒውክለር ማብላያ አጠገብ አገኙት።

ቀጥሎ የመጣው ራስ ምታት ከፀሐይ ነበር። በደቡብ ዳኮታ፣ ሆምስቴክ በተባለ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሬይመንድ ዴቪስ ልብስ አጣቢዎች በሚጠቀሙበት ፈሳሽ የተሞላ ትልቅ ታንክ አስቀምጦ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፀሐይን ኒውትሪኖ ቆጠረ። የሚያገኘው ከሚጠበቀው አንድ ሦስተኛውን ያህል ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ጎራው ተከፋፈለ፦ አንዳንዱ ዴቪስ ቆጠራ ተሳስቷል አለ፣ ሌላው ፀሐይን በደንብ አናውቃትም አለ። ሁለቱም አልነበረም። ኒውትሪኖዎቹ በመንገድ ላይ ዓይነታቸውን እየለወጡ ነበር።

ኒውትሪኖ ሦስት ዓይነት ነው፦ የኤሌክትሮን፣ የሚዮንና የታው። አንደኛው ሆኖ የተነሳው ሲጓዝ ሌላኛው ሆኖ ሊደርስ ይችላል። የዴቪስ ታንክ የሚያየው የኤሌክትሮኑን ብቻ ስለሆነ የተለወጡት አመለጡት። ሱፐር ካሚዮካንዴ በ1998 ከከባቢ አየር በሚመጡት ላይ፣ የካናዳው ሰድበሪ ደግሞ በ2001 እና በ2002 ከፀሐይ በሚመጡት ላይ ለውጡን አረጋገጡ። ታካኪ ካጂታና አርተር ማክዶናልድ በ2015 ኖቤል ወሰዱበት። የሽልማቱ ምክንያት መለወጡ ብቻ አይደለም። ክብደት የሌለው ነገር እንዲህ ሊለወጥ አይችልም፤ ስለዚህ ኒውትሪኖ፣ በጣም አነስተኛ ቢሆንም፣ ክብደት አለው። የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ለአሥርት ዓመታት የለውም ሲል ኖሯል።

የካሚዮካ ተራራ ሌላም ታሪክ አለው። ከሱፐር ካሚዮካንዴ በፊት እዚያው የነበረው ታናሹ ካሚዮካንዴ የተሠራው ፕሮቶን ይፈርስ እንደሆነ ለማየት ነበር። ፕሮቶን ሲፈርስ አላየም። በየካቲት 1987 ግን በጎረቤት ጋላክሲ ኮከብ ፈነዳና ታንኩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከዚያ የመጡ አሥራ አንድ ኒውትሪኖዎችን መዘገበ። ማሳቶሺ ኮሺባ ከዴቪስ ጋር በ2002 የተሸለመው በዚህ ነው። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የኮከብ ሞት ማየት የተቻለው ያን ጊዜ ነው።

## ከቶካይ እስከ ካሚዮካ

የአድልዎው ምርመራ የሚካሄደው እንዲህ ነው። በጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ቶካይ በተባለች መንደር፣ ጄ-ፓርክ የሚባል የቅንጣት አፋጣኝ አለ። በዚያ ፕሮቶኖች በከፍተኛ ፍጥነት ተምዘግዝገው ከግራፋይት ዘንግ ጋር ይጋጫሉ። ከግጭቱ ፓዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ ቀንድ የሚባሉ ኃይለኛ ማግኔቶችም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስቧቸዋል። ፓዮኖቹ እየፈረሱ የሚዮን ኒውትሪኖ ይሰጣሉ። በቀንዶቹ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲገለበጥ የሚሰበሰቡት ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ፓዮኖች ይሆናሉ፤ የሚወጣውም ፀረ ኒውትሪኖ ነው። ያው መሣሪያ አንድ ጊዜ ቁስን፣ አንድ ጊዜ ፀረ ቁስን ይተኩሳል ማለት ነው።

ዋሻም ቱቦም አያስፈልግም። ጨረሩ ዐለቱን ሰንጥቆ 295 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ካሚዮካ ይደርሳል። እልፍ አእላፍ ኒውትሪኖዎች ታንኩን ያቋርጡትና ይሄዳሉ። ከስንት አንድ ጊዜ አንዱ ከውሃው አቶም ጋር ይጋጫል። ከግጭቱ የሚወጣው ቅንጣት ብርሃን በውሃ ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት በላይ ስለሚሮጥ ሰማያዊ ብርሃን በሾጣጣ ቅርጽ ይረጫል። ብርሃኑ በግድግዳው አምፖሎች ላይ ሲያርፍ ቀለበት ይሠራል። የሚዮን ቀለበት ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ የኤሌክትሮን ግን የተበታተነ። ተመራማሪዎቹ የመጣውን ኒውትሪኖ ዓይነት የሚለዩት ከዚህ ነው።

አሁን ጥያቄው ቀላል ይሆናል። የሚዮን ኒውትሪኖ ወደ ኤሌክትሮን ኒውትሪኖ የሚለወጥበት መጠንና፣ ፀረ ኒውትሪኖው ወደ አቻው የሚለወጥበት መጠን እኩል ነው ወይ? በሚያዝያ 2020 ይህን የሚያጠናው ቲቱኬ የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን በ«ኔቸር» መጽሔት ውጤት አወጣ። አሥር ዓመት በሚጠጋ ጊዜ የሰበሰበው 90 የኤሌክትሮን ኒውትሪኖና 15 ፀረ ኒውትሪኖ ነው። ፀረ ኒውትሪኖን ማመንጨትም መያዝም ከባድ ስለሆነ ቁጥሩ ሲጀመርም እኩል አይጠበቅም ነበር። ያ ሁሉ ታስቦም ግን ኒውትሪኖው ከሚጠበቀው በላይ፣ ፀረ ኒውትሪኖው ከሚጠበቀው በታች ሆነ። ሚዛኑ ወደ ቁስ ያጋደለ ይመስላል።

«ይመስላል» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ አለው። ውጤቱ አድልዎ የለም የሚለውን ሐሳብ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ገፋው። ለሌላ ሙያ ይህ በቂ ነው። የቅንጣት ፊዚክስ ግን ግኝት ለማለት፣ ነገሩ በአጋጣሚ የመከሰቱ ዕድል ከሚሊዮን አንድ እንኳ እንዳይሞላ ይጠይቃል።

## ከባዶቹ ዘመዶች

የኒውትሪኖ መለዋወጥ ከ13 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከተረፈው ቁስ ጋር ምን ያገናኘዋል? የኒውትሪኖ ክብደት ከኤሌክትሮን ጋር ሲነጻጸር እንኳ ከምንም የማይቆጠር ነው። ለዚህ ቅለት ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ እያንዳንዱ ቀላል ኒውትሪኖ እጅግ ከባድ ዘመድ አለው ይላል፤ ዘመዱ በከበደ ቁጥር ይኸኛው ይቀልላል። እነዚያ ከባዶች ዛሬ የሉም። በመጀመሪያው ትኩሳት ተፈጥረው ወዲያው ፈራርሰዋል።

በ1986 ማሳታካ ፉኩጊታና ትሱቶሙ ያናጊዳ የአድልዎው ቦታ እዚያ ሊሆን እንደሚችል ጠቆሙ። ከባዶቹ ሲፈርሱ ወደ አንድ ወገን ጥቂት አድልተው ከነበረ፣ በኤሌክትሮንና በኒውትሪኖ ቤተሰብ ውስጥ የብልጫ ልዩነት ይፈጠራል። በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረ ሌላ ሂደት ደግሞ ያንን ልዩነት ወደ ፕሮቶንና ኒውትሮን ያሻግረዋል። የሳካሮቭ ሦስቱም ቅድመ ሁኔታዎች ይሟላሉ።

ሐሳቡ እንዲሠራ ኒውትሪኖ አንድ ተጨማሪ ጠባይ ቢኖረው ይመረጣል፦ የራሱ ፀረ ቅንጣት ራሱ መሆን። ይህን በ1937 ያሰበው ኤቶሬ ማዮራና የተባለ ጣሊያናዊ ነው፤ በማግስቱ ዓመት ከፓሌርሞ ወደ ናፖሊ በመርከብ ሲሄድ ደብዛው ጠፍቶ ቀረ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ይፈተናል። የቀድሞው ካሚዮካንዴ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ በኋላ ካምላንድ-ዜን የሚባል ሙከራ ተተከለ። እዚያ የዜኖን አቶሞች ኒውትሪኖ ሳያወጡ በአንድ ጊዜ ሁለት ኤሌክትሮን ይለቁ እንደሆነ ሲጠበቅ ቆይቷል። ከታየ ማዮራና ትክክል ነበር ማለት ነው። እስካሁን አልታየም።

> ዱካው የቀረው በቀላሎቹ ላይ ነው፤ ተጠርጣሪዎቹ ከባዶቹ ግን ከ13 ቢሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል።

## የሚጠራጠሩት

በዘርፉ ውስጥ ተጠራጣሪ አይጠፋም፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። አንዳንድ ቲዎሪስቶች የሚሉት፣ በቀላሎቹ ኒውትሪኖዎች አድልዎ ቢረጋገጥ እንኳ ከባዶቹ አድልተዋል ለማለት አይበቃም፤ ግንኙነቱ የሚወሰነው በተመረጠው ቲዎሪ ነው። ሌሎች ከባዶቹን ቅንጣቶች መፍጠር የሚችል መሣሪያ ሰው ሊሠራ ስለማይችል ሐሳቡ ለዘላለም በተዘዋዋሪ ማስረጃ ይኖራል ይላሉ።

ሙከራውን የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ የሚያስታውሱት ጠባሳ አላቸው። በ2011 ኦፔራ የተባለ ቡድን ከጄኔቫ ወደ ጣሊያኑ ግራን ሳሶ የተላኩ ኒውትሪኖዎች ከብርሃን ቀድመው ደረሱ አለ፤ ዓለም በወሬው ታመሰ። በወራት ውስጥ ምክንያቱ ታወቀ፤ በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር። ካሚዮካም የራሱ ቀን አለው። በኅዳር 2001 ሱፐር ካሚዮካንዴ ውስጥ አንድ አምፖል ፈነዳ፤ የድንጋጤው ሞገድ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱም ሌላውን እያፈነዳ 7,000 ያህል አምፖሎች ረገፉ። ዛሬ እያንዳንዱ አምፖል ሽፋን ለብሷል።

የአሜሪካው ኖቫ ሙከራም መጀመሪያ ላይ ከጃፓኑ ጋር አልተስማማም። ቡድኖቹ ከመጨቃጨቅ ይልቅ መረጃቸውን አዋሕደው በ2025 የጋራ ትንታኔ አወጡ። መልሱ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ከሦስቱ ኒውትሪኖዎች ከባዱና ቀላሉ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የአድልዎው ጉዳይ አይቆረጥም። ቅደም ተከተሉ በአንደኛው መንገድ ከሆነ ማስረጃው ይጠነክራል፤ በሌላው መንገድ ከሆነ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በደቡብ ቻይና 20,000 ቶን ፈሳሽ ይዞ በነሐሴ 2025 መረጃ መሰብሰብ የጀመረው ጁኖ የተሠራው ይህንን ቅደም ተከተል ለመለየት ነው።

ገንዘቡ ለሌላ ይዋል የሚሉም አሉ። የበጀት ጠባቂዎች ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከእነዚህ ሙከራዎች የሚወጣ መብራትም እህልም የለም። ተመራማሪዎቹ የሚሰጡት መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ፔትን ያነሳል፤ ዲራክ ቀመሩን ሲጽፍ ሆስፒታል አላሰበም ይላል። ሌላው ወገን ግን ጥቅም ፍለጋውን ጭራሹን ይተወዋል፤ ለምን እንዳለን ማወቅ ራሱ በቂ ምክንያት ነው ባይ ነው። የመኖራችንን ጥያቄ ለሃይማኖት የሚሰጥ ሰውም ከዚህ ምርምር ጋር የሚጋጭበት ነገር የለም፤ ምርምሩ የሚጠይቀው ቅንጣቶቹ በየትኛው ሂደት እንደተረፉ ብቻ ነው።

## ከዚህ በኋላ

ካሚዮካ አካባቢ ከሱፐር ካሚዮካንዴ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሌላ ተራራ ተቦርቡሯል። የሃይፐር ካሚዮካንዴ ዋሻ ቁፋሮ በ2025 ተጠናቀቀ፤ ማጠራቀሚያው 260,000 ቶን ውሃ ይይዛል፤ በ2028 ሥራ እንዲጀምር ታቅዷል። አሜሪካ ደግሞ ከቺካጎ አጠገብ ካለው ፌርሚላብ 1,300 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዴቪስ ታንኩን ባስቀመጠበት በዚያው የሆምስቴክ ማዕድን ውስጥ፣ ዱን የተባለውን ሙከራ እየገነባች ነው። የዱን መያዣ ውሃ ሳይሆን እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ አርጎን ነው። ሁለቱ በመሣሪያም፣ በርቀትም፣ በጨረር ጉልበትም ይለያያሉ። መለያየታቸው ይፈለጋል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያርም።

እስካሁን የሚታወቀው ይህ ነው። ቁስ በልጧል፤ ብልጫው ከቢሊዮን አንድ ያህል ነው፤ ኳርኮች ብቻቸውን ሊያብራሩት አይችሉም፤ ኒውትሪኖዎች ወደ ቁስ የሚያደሉ ይመስላሉ፤ ግን አልተረጋገጠም። በሚመጡት ዓመታት «የዩኒቨርስ ምሥጢር ተፈታ» የሚል አርዕስት ደጋግሞ ይመጣል። አንባቢ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ውጤቱ በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል ምን ያህል ነው? በሌላ አገር፣ በሌላ መሣሪያ የሚሠራ ሌላ ቡድንስ ያንኑ አይቷል ወይ? ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ ዜናውን ፍንጭ ብሎ መያዝ ይበቃል።